ያልተጠራችው ጎረቤት፦ ሕፃናት የሌላውን ስሜት በትወና እንዲረዱ ሳስተምር ያየሁት

በደሴ ከተማ በአንድ አፀደ ሕፃናት ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። ያለፉትን አምስት ዓመታት ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ሕፃናት የሌላውን ሰው ስሜት በትወናና በሚና ጨዋታ እንዲረዱ ለማድረግ ስሞክር ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በአንድ ክፍል አርባና ከዚያ በላይ ሕፃናት ይዘው፣ ያለ በቂ መጫወቻና ያለ ረዳት የሚያስተምሩ መምህራን፣ እንዲሁም በቤታቸው ይህንኑ ለመሞከር የሚፈልጉ ወላጆች ከሠራኋቸው ስሕተቶች እንዲድኑ፣ የተሳካልኝንም እንዲጠቀሙበት በማሰብ ነው። የልጆቹን ስም አልጠቅስም፤ ያሳዩኝን ነገር ያሳዩኝ ለወሬ ብለው አይደለምና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረኝ ዘዴ አብዛኞቻችን የተማርንበት ነው። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ይላሉ፤ ጅቡ አህያዋን ሲያታልላት፣ ዝንጀሮው የጓደኛውን እህል ሲበላበት እነግራቸዋለሁ፤ ሲያልቅም «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አርባ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ጓደኛን ማስቀየም ጥሩ አይደለም!» ብለው ይጮኻሉ። ለዕረፍት ወጥተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከሁሉም ጮክ ብሎ የመለሰው ልጅ የጓደኛውን ምሳ ዕቃ ነጥቆ ሲሮጥ አገኘዋለሁ። ለብዙ ጊዜ ልጁ ትምህርቱን እንዳልሰማ አድርጌ እቆጥረው ነበር። በኋላ ግን የጠየቅሁት ስለ ደንቡ እንደነበረ፣ እርሱም ደንቡን በትክክል እንደነገረኝ፣ ስለ ተበደለው ጓደኛ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄው እንደማላውቅ ገባኝ።

ዓይኔን የገለጠልኝ የልጆቹ የራሳቸው ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ከክፍላችን ጀርባ፣ ጦሳ ተራራ በሚታይበት አጥር ሥር፣ አራት ልጆች ዕቃቃ ይጫወቱ ነበር። ቆርኪው ሲኒ፣ የውኃ ፕላስቲኩ ጀበና፣ የተነጨው ሣር ጉዝጓዝ ሆኗል። «እናት» የሆነችው ልጅ በክፍል ውስጥ እርሳሷን ለማንም የማታውስ፣ ወረፋ መጠበቅ የማይሆንላት ልጅ ናት። እዚያ ግን ቡናውን ቀድታ ለሁሉም ካደለች በኋላ ለራሷ ቆርኪ ሳይተርፋት ቀረ። ጓደኛዋ «ያንቺስ?» ብትላት «እኔ በኋላ እጠጣለሁ፤ እንግዶቹ ይቅደሙ» አለቻት። ሩስያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ ከዘወትር ባሕርይው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ የያዘው ሚና የሚጠይቀውን ለመፈጸም ሲል የራሱን ፍላጎት እንደሚገታ ማስተማሩን በኮሌጅ ተምሬው ነበር፤ ነገሩን ከልቤ ያመንኩት ግን ያችን ባለቆርኪ ሳይ ነው።

ወደ ትወናው ከመግባቴ በፊት ማስተማር የፈለግሁት ምን እንደሆነ ለራሴ ማጥራት ነበረብኝ። ለተቸገረ ማዘንን የእኛ አገር ልጅ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የአራት ዓመት ልጅ እንኳ ነዳይ ሲያይ እንደ አያቱ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «ሲያሳዝን!» ይላል። ይህን አላቃልለውም፤ ሰውን ከረሃብ ያዳነ ደግነት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነገር ግን ከንፈር የሚመጥጥ ሰው ከዳር ቆሞ የሚያይ ነው፤ የሚታዘንለት ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ግድ አይሆንበትም። እኔ የፈለግሁት ልጁ ለጥቂት ደቂቃ በዚያ ሰው ቦታ ተቀምጦ ዓለሙን ከዚያ እንዲያየው ነው።

ለዚህ የሚሆን ታሪክ ለማግኘት ብዙ ከደከምኩ በኋላ ያገኘሁት ከየቤታችን ደጃፍ ነው። በወሎ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ቡናው ተቆልቶ ሽታው ከቤት ሲወጣ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» ብሎ ይመለሳል። የክፍሌ ልጆች፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጆች፣ አፍ ከፈቱ ብዙም ሳይቆዩ የሚጀምሩት የመጀመሪያ ሥራቸው ይህ መልእክት ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው፦ እናት ሦስት ጎረቤቶች እንዲጠራ ልጇን ትልከዋለች፤ ልጁ ሁለቱን ከጠራ በኋላ በመንገድ ላይ ኳስ ያይና ሦስተኛዋን ይረሳታል። ሦስተኛዋ ጎረቤት የሙቀጫው ድምፅ ተሰምቷታል፣ የቡናው ሽታ ደርሷታል፤ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ማንም አይመጣም። ከዚህ በላይ ታሪክ አላዘጋጀሁም፤ መጨረሻም አላበጀሁለትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራነውን ቀን አልረሳውም። በክፍሉ አንድ ጥግ ረከቦት፣ ሲኒዎችና ሙቀጫ፣ በሌላው ጥግ አንድ ወንበር ብቻ አስቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው አምስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ነበረች፤ ነጠላዬን አከናነብኳት። መጀመሪያ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። ከወዲያኛው ጥግ ልጆቹ ሙቀጫውን መውቀጥ ሲጀምሩ ሳቋን ተወች። አቦሉ ሲቀዳ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ተመለከተች። እነዚያ እየተሳሳቁ «ቁርሱን አቀብይኝ» ይባባላሉ። ቶናው ሲደርስ ልጅቷ ነጠላውን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ በአራት አጥፋ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና እጆቿን በላዩ ላይ ጫነች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ድምፅ ሁሉ ጸጥ አለ።

ጨዋታውን እዚያ ላይ አቁሜ ተመልካቾቹን «አሁን ምን እያሰበች ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ቶሎ ብሎ «ልጁ ረሳኝ እያለች ነው» አለ። ከኋላ ወንበር ያለች ልጅ ተነሥታ «አይደለም! እሷ ኳሱን አላየችውም እኮ!» አለችው። «ታዲያ ምን ትላለች?» ስል ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ «ጠልተውኛል ትላለች» አለ። ወደ ቡናው ጥግ ሄጄ «እናትየዋን» «ሦስተኛዋ ጎረቤትሽ ለምን የቀረች ይመስልሻል?» ስላት ሚናዋን ሳትለቅ «እኔ እንጃ፤ ኮርታብኛለች መሰለኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ይህን ጊዜ ተመልካቾቹ ሁሉ ተነሥተው «አልተጠራችም! አልተጠራችም!» ብለው ጮኹባት። ሁለት ሴቶች በአንድ ኳስ ምክንያት ሳይነጋገሩ ተቀያየሙ፤ እውነቱን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ኳሱን እያሳደደ ነው። እኔ በወር ሙሉ ተረት ያላስረዳሁትን ነገር ልጆቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ በዓይናቸው አዩት።

የአንዷ ልጅ «እሷ ኳሱን አላየችውም» ማለት ቀላል አባባል አይደለም። ሃይንዝ ቪመርና ጆሴፍ ፐርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት እንዲህ ያለ ታሪክ ይነግሯቸው ነበር፦ አንድ ልጅ ቸኮላቱን በአንድ ቁም ሣጥን አስቀምጦ ይወጣል፤ እርሱ ሳያይ እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች፤ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትንንሾቹ በአብዛኛው ቸኮላቱ አሁን ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ያ ልጅም የሚያውቀው ይመስላቸዋል። ሌላው ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል መረዳት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ4 ዓመት ወዲህ ነው። እኔም በመሶብና በቁና መካከል ቆሎ እየደበቅሁ ሞክሬዋለሁ፤ የኬጂ 1 ልጆቼ ብዙዎቹ እንደተባለው መለሱ። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ «የጓደኛህ ነገር አይገባህም?» ተብሎ ሊቆጡት አይገባም፤ ገና አልደረሰበትም። ለኬጂ 1 ያልተጠራችውን ጎረቤት አልሰጥም፤ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ፣ ዝናብ የመታው ውሻ፣ የወደቀች ልጅ ይበቋቸዋል። እነዚህ የሚጠይቁት ምን እንደሚሰማ ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ አይጠይቁም።

አሠራሩን በሚመለከት ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ደንብ ነው። ሻሽ፣ ነጠላ፣ ሽርጥ ወይም ኮፍያ ያላደረገ ሰው ሚና ውስጥ አይገባም፤ ያደረገ ደግሞ በራሱ ስም አይጠራም። ሲያበቃ ልጁ ልብሱን አውልቆ ያራግፈዋል፣ ያጥፈዋል፣ ከዚያም የራሱን ስምና የሚወደውን አንድ ነገር ይናገራል፦ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ድንች ወጥ እወዳለሁ።» ይህ ለአዋቂ ሰው ጨዋታ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መውጫውን ችላ ባልኩባቸው ቀናት ጅብ የነበረው ልጅ እስከ ቀትር ድረስ ጅብ ሆኖ ይውላል፤ ተቀይማ የነበረችዋም ቅያሜዋን ወደ ቤቷ ይዛ ትሄዳለች። ሚና ውስጥ ማስገባት ከባድ አይደለም፤ ማስወጣቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አርባ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ማሠራት አይቻልም። በአንድ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ይሠራሉ፤ ጨዋታውም ከ20 ደቂቃ አያልፍም። የቀሩት ዝም ብለው እንዳይመለከቱ ለየቡድናቸው አንድ ሰው እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱ ቡድን «የጎረቤቷ ዓይን»፣ ሌላው «የእናትየዋ ዓይን»፣ ሌላው «የልጁ ዓይን» ይባላል። ጨዋታውን ባቆምኩ ቁጥር እያንዳንዱ ቡድን ያ ሰው ያየውንና ያላየውን ይናገራል። ትልቅ ክፍል ያላቸው መምህራን ይህን እንዲሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ፤ በእኔ ልምድ ዳር ሆነው «ዓይን» የነበሩት ልጆች ከሠሩት ያነሰ አልተማሩም።

መምህሩ ራሱ ሚና መውሰዱ ደግሞ ሌላው ቁልፍ ነገር ነው። ይህን አካሄድ በእንግሊዝ አገር ያስፋፋችው ዶሮቲ ሂዝኮት የተባለች የትወና መምህርት ናት፤ መምህሩ ከውጭ ሆኖ ከማዘዝ ይልቅ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ልጆቹን ይመራል። እኔም ኮፍያ አድርጌ የረሳውን ልጅ ሆንኩ። ወለል ላይ ተቀምጬ «ኳሱን ሳየው ረሳሁት። ለእማዬ ብነግራት ትቆጣኛለች። ምን ይሻለኛል?» አልኳቸው። አንዱ ወዲያው «ቤቷ የለችም በላት» ብሎ መከረኝ። አልገሠጽኩትም፤ ወደ ወንበሩ ዞሬ «የጎረቤቷን ዓይን» «እንዲህ ብል እርሷ ምን ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚያው ቁጭ ብላ ትቀራለቻ!» አሉኝ። ውሸት የመከረኝ ልጅ ጥቂት አሰበና መጥቶ እጄን ያዘኝ፤ «በቃ ና፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አለኝ። መምህሩ ከሁሉ የሚያንሰውን፣ ጥፋተኛውን ወይም እርዳታ የሚሻውን ሚና ሲወስድ ልጆቹ ከፍ ይላሉ፤ ንጉሥ ወይም ዳኛ ሆኖ ከገባ ግን እንደ ወትሮው መልስ መጠበቅ ይጀምራሉ።

የቃላትም ነገር አለ። ልጆቹ ስሜትን የሚገልጹባቸው ቃላት በአብዛኛው «አለቀሰ»፣ «ተናደደ»፣ «ደስ አለው» ነበሩ። ቋንቋችን ግን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው፦ ቅር መሰኘት አለ፣ መከፋት አለ፣ ሆድ መባስ አለ፣ ማፈር፣ መሳቀቅ፣ መጓጓት፣ መናፈቅ አለ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደግሞም ስሜትን በሆድና በአንጀት መናገራችን ለሕፃን እጅግ ይመቸዋል። ያችን ነጠላ ያጠፈችውን ልጅ «የት ጋ ተሰማሽ?» ስላት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ እኔም ለክፍሉ «ይህ ነው ሆድ ባሳት የሚባለው» አልኳቸው። ቃሉ ከአካሏ ጋር ስለተያያዘ ማንም አልረሳውም። በሳምንት አንድ ቃል ብቻ እንይዛለን።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተቴ ልመለስ። ከከተማችን ዙሪያ ካሉ ዳገቶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን የክፍሌ ልጆች በየማለዳው ያያሉ። የእነርሱን ሕይወት በትወና ላሳያቸው አሰብኩ። በክፍሉ ውስጥ እናቷ በዚሁ ሥራ የምታሳድጋት አንዲት ጸጥተኛ ልጅ ነበረች። «ነገሩን ስለምታውቀው ጥሩ አድርጋ ትሠራዋለች» ብዬ የተሸካሚዋን ሚና ለእርሷ ሰጠኋት፤ ይህን ስወስን ልጅቷን አልጠየቅኋትም። ጭራሮውን አዝላ ቆመች። ገዢ የሆነው ልጅ የሰፈሩን ገበያተኛ አስመስሎ «ውድ ነው! ቀንሺ እንጂ!» አላት፤ አነጋገሩ ስላሳቃቸው ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እርሷ ጭራሮውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ቦታዋ ተመልሳም ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። በዕረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች «እንጨት ሻጭ» ብለው ጠሯት። ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረች።

በአራተኛው ቀን እናቷ መጣች። አልተቆጣችም። «መምህርት፣ ልጄ ማታ ‹እማ፣ አንቺ ስትሸከሚ ሰው ይስቃል?› ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከልጅቷም ፊት በርከክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። የተማርኩት ነገር ይህ ነው፤ ሚና የሚያስተምረው ያን ሕይወት ለማያውቀው ልጅ ነው። የሚያውቀውን ልጅ በዚያ ቦታ ማቆም ቁስሉን በሰው ፊት መግለጥ ይሆናል፤ ሌሎቹም ሰውየውን ከማየት ይልቅ እርሱን ማየት ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ታሪክ ከማስገባቴ በፊት በክፍሌ ውስጥ ያን ችግር የሚኖረው ልጅ መኖሩን አጣራለሁ፤ ካለ ሚናውን ለሌላ እሰጣለሁ፤ ታሪኩ በጣም የሚቀርበው ከሆነም እተወዋለሁ። እናት ወይም አባት ስለሞተበት ልጅ፣ ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ድህነት የሚሠሩ ጨዋታዎች ሁሉ ይህን ጥንቃቄ ይሻሉ። የክፉውንም ሚና በየተራ አዳርሳለሁ፤ አስቸጋሪ የሚባለውን ልጅ ሁልጊዜ ጅብ ማድረግ የተለጠፈበትን ስም ማጽናት ነው።

ስለ ጦርነቱም ሳልናገር አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ የከተማችን ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር፤ በኋላም ብዙዎቻችን ራሳችን ከቤታችን ወጣን። ትምህርት እንደገና ሲጀመር ከተመለሱት ልጆች አንዷ ዕቃቃ በተጫወተች ቁጥር ዕቃውን ሁሉ በፌስታል ትቋጥርና «እንሂድ» ትላለች፤ ጨዋታው ከዚያ አያልፍም። ይህን ወደ ክፍል ትወና አላመጣሁትም። አጠገቧ ተቀምጬ «ለእኔም ቦታ አለሽ?» እላታለሁ፤ እርሷም ትይዘኛለች፤ እንሄዳለን። ከብዙ ቀናት በኋላ አንድ ቀን በራሷ ጊዜ «ደረስን» አለችና ፌስታሉን ፈታች። እንዲህ ያለው ጨዋታ ሳምንታት አልፈው ካልተለወጠ፣ ልጁም እንቅልፍ ካጣ ወይም ትቶት የነበረው ሽንት ማምለጥ ከተመለሰበት፣ ነገሩ የባለሙያ እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም፤ ወላጅን አነጋግሮ ወደ ጤና ተቋም መላክ ያስፈልጋል።

ከወላጆች ያጋጠመኝ ተቃውሞ ብዙ አይደለም። አንድ አያት ግን «ልጃችንን ፊደል እንድታስቆጥሪ ነው የላክነው፤ ትያትር ምን ያደርግለታል?» ብለው መጡ። በሰፈራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በእኛ አገር አባጋር ተብለው ከሚከበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። «አባባ፣ አንድ ቀን መጥተው ይዩልኝ» አልኳቸው። ሐሙስ ዕለት ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች ተቀያይመው ጨዋታው በቆመ ጊዜ «እስቲ ወዲህ አምጪልኝ» አሉኝና ሁለቱን ልጆች ከፊታቸው አስቀመጧቸው። ያልተጠራችዋ ቅሬታዋን ከተናገረች በኋላ ለሌላዋ «አሁን እሷ ያለችውን አንቺ ንገሪኝ» አሏት። ልጅቷ የራሷን መከላከያ ስትጀምር «አይ የኔ ልጅ፣ ያንቺን በኋላ፤ መጀመሪያ የእሷን» ብለው መለሷት። ባለጉዳይዋ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስክትል ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያም በተራዋ ሌላኛዋን እንዲሁ አደረጉ። እኔ በሥልጠና ያላገኘሁትን ዘዴ ከእርሳቸው ወሰድኩ፤ ዛሬ በግቢያችን ሁለት ልጆች ሲጣሉ ማንም ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት የሌላውን ቃል መናገር አለበት። በረመዳን ወቅት ይህንኑ ጨዋታ ስንሠራ ደግሞ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሦስተኛዋን ጎረቤት ጾመኛ አደረጋትና «እንግዲያው ቡናው እስከ መግሪብ ይቆይላት» አለ፤ «እናትየዋ» ቆሎውንና ቡናውን መልሳ ከደነች።

ውጤቱን ከሆነው በላይ ማጋነን አልፈልግም። ልጆቼ ዛሬም ይጣላሉ፣ ይነጣጠቃሉ። ታሊያ ጎልድስቲንና ማቲው ለርነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ለስምንት ሳምንታት በቡድን የትወና ጨዋታ የተሳተፉ የ4 ዓመት ሕፃናትን በእንጨት ኪዩብ ከተጫወቱትና ተረት ከተነበበላቸው ጋር አወዳድረው ትወናው ስሜትን ለመግዛት እንደሚረዳ አግኝተዋል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ለውጥ እዚያው ላይ ነው። ቀድሞ አንድ ልጅ ሲያለቅስ አጠገቡ ያሉት ሦስቱ አብረው ያለቅሱ ወይም ይሸሹ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ቆመው ያያሉ፤ አንዳንዱም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ራሱ የተረበሸ ልጅ ሌላውን ማጽናናት አይችልምና ይህ መረጋጋት የነገሩ መግቢያ በር ይመስለኛል። ለዚህም ቢያንስ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መሥራት አስፈልጎኛል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የእንጨቷን ታሪክ እንደገና ለመሥራት የጠየቀችኝ ያችው ልጅ ናት። «ግን እኔ አልሸከምም» አለችኝ። እናቷን አስፈቀድኩ፤ ሚናውን ለእኔ ወሰድኩ፤ ገዢው ያው የቀድሞው ልጅ ሆነ። ጭራሮውን በገመድ አስሬ ላዝለው ስል ልጅቷ ከቦታዋ ተነሥታ መጣችና «ቲቸር፣ እንዲህ አይታሰርም፤ ትከሻ ይቆርጣል» አለችኝ። ቋጠሮዬን ፈታች። ገመዱን አዙራ፣ ትከሻዬ በሚያርፍበት በኩል ጨርቅ አጥፋ ሸጎጠችበት፣ እንደገናም አሰረችው፤ ከዚያ ክብደቱ እንዴት ወደ ወገብ እንደሚወርድ በእጇ እያሳየች አስረዳችን። ማንም አልሳቀም። ገዢው ልጅ ዋጋ መጠየቁን ትቶ «እናትሽን ያማታል?» አላት። «ማታ ማታ እኔ አሽላታለሁ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ገመዱ በክፍላችን መስኮት አጠገብ ተሰቅሏል፤ ማሰር የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ ሄዶ እርሷን ይጠይቃል።